የመመለሻው በር፦ በባዕድ አገር ያደጉ የቲቤት ልጆች

በነሐሴ 1979፣ በሰሜን ምሥራቅ ቲቤት አምዶ በሚባለው ክፍል፣ የቻይና ሹማምንት ሕዝቡን አንድ ነገር አጥብቀው አሳሰቡት። ከሕንድ እንግዶች ይመጣሉና ድንጋይ የሚወረውርባቸው፣ ምራቁን የሚተፋባቸው ሰው እንዳይኖር አሉ። ማሳሰቢያው የይስሙላ አልነበረም። ለሃያ ዓመት ያህል የድሮው ሥርዓት ደም መጣጭ ነበር እያሉ ሲያስተምሩ ስለኖሩ፣ ሕዝቡ በስደት ያሉትን የቲቤት መሪ የዳላይ ላማን መልእክተኞች ባየ ጊዜ ቂሙን ይወጣባቸዋል ብለው ከልባቸው ሠግተው ነበር። የሆነው ሌላ ነው። ሕዝቡ መኪኖቹን ከበበ። አለቀሰ፣ እጃቸውን ለመዳሰስ ተጋፋ፣ የዳላይ ላማን ፎቶግራፍ ለመነ፤ ከልብሳቸው ቀዶ ለበረከት የወሰደም ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ጉዞ የተቻለው ማኦ ዜዱንግ በ1976 ሞተው ሥልጣኑ ወደ ዴንግ ዢያኦፒንግ ስለዞረ ነው። ዴንግ በ1979 መጀመሪያ የዳላይ ላማን ወንድም ግያሎ ቶንዱፕን ቤጂንግ ላይ ተቀብለው፣ ከነፃነት ጥያቄ በቀር ስለ ሁሉም ነገር መነጋገር ይቻላል አሏቸው። ስደተኞቹ ሰው ልከው የአገራቸውን ሁኔታ በዓይናቸው እንዲያዩም ፈቀዱ። ከመጀመሪያው ቡድን አባላት አንዱ ሌላው ወንድም ሎብሳንግ ሳምተን ነበሩ። እሳቸው ቲቤትን የሚያውቁት እንደ ቤታቸው ነው። ከላሳ በስተምሥራቅ ባለው ተራራ ላይ የቆመው ታላቁ የጋንደን ገዳም በባህል አብዮቱ ዘመን ፈርሶ ሲያገኙት፣ ግድግዳው የት እንደነበር፣ መነኮሳቱ የት እንደሚቀመጡ ያስታውሳሉ። ሐዘናቸው ያወቀውን ያጣ ሰው ሐዘን ነው።

እኔን ይበልጥ ሲያሳስቡኝ የኖሩት ግን ከእሳቸው ኋላ የመጡት ናቸው። በሕፃንነታቸው በእናት ጀርባ የወጡ፣ ወይም ከነጭራሹ በስደት የተወለዱ፣ አገራቸውን በሰው አፍና በመማሪያ መጽሐፍ ብቻ ያወቁ። «ተመለሰ» የምንለው ሄዶ የነበረን ሰው ነው። እነዚህ ግን በራሳቸው እግር ሄደው አያውቁም፤ ሆኖም ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቀን ትመለሳላችሁ እየተባሉ አደጉ። የቲቤት ስደተኞች ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከመውጣቱ በኩል ነው፤ በረዶው፣ ተራራው፣ በሌሊት የተሻገሩት ድንበር። መመለሱ ሲነገር አይሰማም። እኔ እንደማየው ግን የነገሩ ፍሬ ያለው እዚያ ነው።

መጋቢት 10 ቀን 1959 የላሳ ሕዝብ ዳላይ ላማ ሊወሰዱብን ነው ብሎ የኖርቡሊንግካን ቤተ መንግሥት ከበበ። መጋቢት 17 ሌሊት የሃያ ሦስት ዓመቱ ዳላይ ላማ የወታደር ልብስ ለብሰው ወጡ፤ በወሩ መጨረሻ የሕንድን ድንበር ረገጡ። ከኋላቸው 80,000 ያህል ሰው ተከተለ። ከከፍተኛው ደጋ የወረደውን ይህን ሕዝብ የተቀበለው የአሳም ቆላ ነው። ሚሳማሪ በሚባለው ቦታ ከቀርከሃ በተሠሩ ዳሶች አሰፈሩት። መነኮሳቱ ደግሞ ቡክሳ በተባለ፣ እንግሊዞች እስር ቤት አድርገውት በነበረ አሮጌ ምሽግ ውስጥ ገቡ። ሙቀቱ፣ ተቅማጡ፣ የሳንባ ነቀርሳው ብዙ ሰው ጨረሰ። የሕንድ መንግሥትም ሰዎቹ ደጋ እንዲወጡና እንጀራ እንዲያገኙ በማሰብ በሂማላያ ተራሮች መንገድ ሥራ ላይ አሰማራቸው። ላማው፣ ገበሬው፣ የመኳንንት ወይዘሮዋ ጎን ለጎን ድንጋይ ፈለጡ። ልጆቻቸው በመንገዱ ዳር በድንኳን ውስጥ ይውላሉ፤ ናዳ አለ፣ ድማሚት አለ፣ ረኃብ አለ። ብዙዎቹ አላደጉም።

በግንቦት 1960 በጃሙ በኩል ካለው የመንገድ ሥራ ካምፕ 51 ሕፃናት ታመውና ከስተው የዳላይ ላማ መቀመጫ ወደሆነችው ዳራምሳላ ደረሱ። የተቀበሏቸው የዳላይ ላማ ታላቅ እህት ጼሪንግ ዶልማ ነበሩ። ዛሬ የቲቤት ሕፃናት መንደር የሚባለው፣ በሺህ የሚቆጠሩ ልጆችን ያሳደገው ተቋም የተጀመረው በእነዚያ 51 ልጆች ነው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ሙሶሪ በምትባለው የተራራ ከተማ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት በ50 ተማሪዎች ተከፍቶ ነበር። ዳላይ ላማ ጠቅላይ ሚኒስትር ጃዋሃርላል ኔሩን የለመኑት ምግብና መጠለያ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹ በሕንድ ትምህርት ቤቶች ተበትነው እንዳይቀሩ፣ በቋንቋቸው የሚማሩበት የራሳቸው ትምህርት ቤት እንዲኖር ጭምር ነው። ኔሩ ተስማሙ። ከ1961 ጀምሮ የሕንድ መንግሥት ራሱ ወጪውን ችሎ የቲቤት ትምህርት ቤቶችን አቋቋመ።

ይህ ውሳኔ ቀላል አይደለም። ስደተኛን ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ለመመለስ ማስተማር ሌላ። በመንደሩ ቤቶች ሠላሳ፣ አርባ ልጅ አንዲት «አማላ» ብለው የሚጠሯት አሳዳጊ እናት ዙሪያ ያድጋል። ጠዋት ጸሎት፣ ከዚያ ትምህርት፣ ማታ ጻምፓ። ጻምፓ ማለት የኛው በሶ ነው፤ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ፣ በቅቤ ሻይ እየታሸ የሚበላ። የቲቤት ሰው ራሱን ከሌላው የሚለይበት ምግብ ነው፤ ማንነቱን ሲናገር እኛ ጻምፓ በሊታዎች ይላል። ልጆቹ የወንዞችን ስም ይሸመድዳሉ፣ ያላዩትን ገዳም ይሥላሉ፣ በየዓመቱ መጋቢት 10 ሰልፍ ይወጣሉ። እንዲህ ሲሆን አገራቸው በዓይን ሳይሆን በትምህርት የገባች አገር ሆነች፤ ንጹሕ፣ በረዶ የለበሰች፣ ወላጆቻቸው ጥለዋት ከወጡባት ቀን ጀምሮ ያልተለወጠች። ልጅ እንዲህ ማሳደግ ግዴታ ነበር፤ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ዕዳው ግን ኋላ መጣ።

ወደ ስዊዘርላንድ የተወሰዱም ነበሩ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቻርልስ ኤሽማን የተባሉ የስዊስ ባለ ኢንዱስትሪ ከዳላይ ላማ ጋር ተስማምተው ከመቶ ሃምሳ በላይ ልጆችን በስዊስ ቤተሰቦች ዘንድ አኖሩ። ልጆቹ ተምረው ተመልሰው ሕዝባቸውን ያገለግላሉ የሚል ሐሳብ ነበር። ከልጆቹ ብዙዎቹ ወላጅ አልባ እንዳልነበሩ፣ እናትና አባታቸው በሕንድ በመንገድ ሥራ ላይ እንዳሉ የታወቀው ግን ቀስ እያለ ነው። አድገው ወላጆቻቸውን ባገኙ ጊዜ የሚግባቡበት ቋንቋ አልነበራቸውም። ወደ ላሳ ቀርቶ ወደ እናት መመለስ እንኳ እንዲህ ሊከብድ ይችላል።

አሁን ወደ መልእክተኞቹ እንመለስ፤ ዓመቱ 1980 ነው። በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ሁለተኛው ቡድን ገባ። መሪው በኒው ዮርክ የዳላይ ላማ ተወካይ የነበሩት ቴንዚን ቴቶንግ ናቸው፤ አባላቱም በስደት የተማሩ ወጣት መሪዎች ነበሩ። ቻይናዎቹ ወጣቶቹን የፈቀዱት ዘመናዊ ናቸው፣ የድሮው ናፍቆት የለባቸውም ብለው ይመስለኛል። ላሳ ሲደርሱ ግን ሕዝቡ እንደ ጎርፍ ወጣ። በከተማው የውጭ አገር ጋዜጠኞች ነበሩና ዓይናቸው እያየ ሰው ስለ ነፃነት ጮኸ። ቡድኑ ሕዝብ ቀስቅሷል ተብሎ ጉዞው ተቋረጠ፤ ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

ሦስተኛው ቡድን ግን ሁለተኛው ከመባረሩ አስቀድሞ ገብቶ ነበር፤ መሪዋም ወይዘሮ ጀትሱን ፔማ። እሳቸው የዳላይ ላማ ታናሽ እህት ናቸው። በ1940 ላሳ ተወልደው፣ አሥር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ለትምህርት ወደ ሕንድ ተላኩ። በመነኮሳይት ትምህርት ቤት ተማሩ፣ ስዊዘርላንድና እንግሊዝ ዘለቁ፤ ታላቅ እህታቸው ጼሪንግ ዶልማ በ1964 ሲሞቱ የሕፃናቱን መንደር ተረከቡ። ሠላሳ ዓመት ያህል ከአገራቸው ርቀው፣ በሺህ ለሚቆጠሩ ልጆች ስለ ቲቤት ሲያስተምሩ የኖሩ ሴት እነሆ አርባ ዓመታቸው ላይ ቲቤትን ሊያዩ ሄዱ። መምህርት ስለሆኑም የተሰጣቸው ተግባር ትምህርት ቤቶቹን መጎብኘት ነበር።

ጉዞው ከሦስት ወር በላይ ፈጀ። የተመለከቱት በወረቀት ከተነገራቸው ጋር አልገጠመም። በሪፖርት ብዙ ትምህርት ቤት አለ፤ በገጠሩ ግን ዘላንና ገበሬው ልጁን የሚልክበት የረባ ትምህርት ቤት አልነበረውም። በከተማ ባሉት ደግሞ ከፍ ወዳለው ክፍል ሲወጣ ቋንቋው ቻይንኛ ነው። በየደረሱበት ሕዝብ ያለቅሳል፤ እሳቸውም ያለቅሳሉ። ይህን ሁሉ በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው መዝግበውታል። ሥራቸውን ከዚህ ጉዞ ነጥሎ ማየት አይቻልም። እስከዚያ ድረስ መንደሩ በስደት ያሉትን ልጆች የሚያሳድግ ነበር። ከ1980 ወዲያ ግን የቲቤት ወላጆች ራሳቸው ልጆቻቸውን ተራራ አሻግረው ወደ እሳቸው መላክ ጀመሩ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ሱጃ በሚባል ቦታ አዲስ ለሚመጡት የተለየ ትምህርት ቤት ተከፈተ። መመለስ ያሰቡት ሴት ተመላሽ ትውልድ ሳይሆን አዲስ ስደተኛ ትውልድ ተቀበሉ።

በቤጂንግ በኩል ያለውንም በሐቅ መናገር ይገባል። በዚያው ግንቦት 1980 የኮሚኒስት ፓርቲው መሪ ሁ ያኦባንግ ላሳ መጥተው ድህነቱን አይተው አፈሩ፤ አፍረውም አልቀሩ፣ ለቻይና ካድሬዎች ፊት ለፊት ተናገሩት። ግብር እንዲቀነስ፣ ከቻይና የመጡ ሠራተኞች አብዛኞቹ እንዲወጡ፣ የቲቤት ቋንቋና ባህል እንዲከበር አዘዙ። ገዳማት መጠገን ጀመሩ፣ ገበያው ነፍስ ዘራ። ቅንነታቸውን የሚጠራጠሩ አሉ፤ እኔ ከነሱ አይደለሁም። ግን በ1981 እኚሁ ሰው ለዳላይ ላማ መመለሻ ባቀረቡት አምስት ነጥብ ውስጥ አንድ ነገር ተጽፏል፤ ዳላይ ላማ ይመለሱ፣ የቀድሞ ማዕረጋቸው ይጠበቅላቸዋል፣ ነገር ግን ቲቤት ሄደው ባይኖሩ፣ በዚያም ሥልጣን ባይዙ ይመረጣል። ማለትም የሚመለሱት ወደ ቤጂንግ ነው። በጣም ለዘብተኛ የነበረው የቻይና መሪ ያቀረበው ግብዣ እንኳ ሰውየውን ወደ ቤቱ አያደርሰውም ነበር።

ተራው ስደተኛ ግን በ1980ዎቹ ገባ። ዘመድ መጠየቅ ተፈቀደ፤ በላሳ እንግዳ የሚቀበል መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ሃያ አምስት ዓመት ያልተያዩ እህትማማቾች ተገናኙ፤ ሞተ ተብሎ ተዝካሩ የወጣለት ወንድም በሩን አንኳኳ። ጥቂቶች ለመኖርም ቀሩ፤ ሥራ ያገኙ፣ ቤት የተሰጣቸው አሉ። በሩ ላይ ግን ፊርማ ነበረ። የቻይና ኤምባሲ የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ ያዡን በውጭ አገር የሚኖር ቻይናዊ ነው ይላል። ከቤጂንግ አንጻር ነገሩ ምንም እንግዳ ነገር የለበትም፤ ቲቤት የቻይና አካል ከሆነች የውጭው ቲቤታዊም የውጭ ቻይናዊ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ ቻይናዊ አይደለሁም እያለ የመጋቢት 10ን ሰልፍ ለወጣ ወጣት ግን አያቱን ለማየት የሚከፍለው ዋጋ ያ ፊርማ ነው። ፈርመው የሄዱ አሉ፤ ብዕሩን አስቀምጠው የተመለሱም አሉ። ሁለቱንም ለመውቀስ አፌ አይደፍርም።

በመስከረም 1987 የላሳ መነኮሳት ሰልፍ ወጡ። ተኩስ፣ እስራት፣ ሌላ ሰልፍ እያለ ቀጥሎ በመጋቢት 1989 በላሳ ወታደራዊ አስተዳደር ታወጀ። ከዚያ በኋላ ከሕንድ የሚመጣ ዘመድ እንደ ዘመድ ብቻ መታየቱ ቀረ።

የንጋዋንግ ቾፌል ታሪክ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በ1966 በምዕራብ ቲቤት ተወለደ። ሁለት ዓመት ሲሆነው እናቱ ሶናም ዴክዪ በበረዶው ውስጥ ተሸክማው ወደ ሕንድ ተሻገረች። ያደገው በደቡብ ሕንድ ሙንድጎድ በሚባለው የስደተኞች ሰፈር ነው። በዚያ ሽማግሌዎቹ ከሥራ ሲመለሱ ያገራቸውን ዘፈን ይዘፍናሉ፤ የወተት ማለቢያ አለ፣ የግንብ መደልደያ አለ፣ የመጠጥ አለ። ልጁ በዜማው ተነደፈ። ዳራምሳላ ባለው የቲቤት የኪነ ጥበብ ተቋም ሙዚቃ ተማረ፤ በ1993 የፉልብራይት ዕድል አግኝቶ አሜሪካ ቬርሞንት ሄዶ ፊልምና ሙዚቃ አጠና። ያሳሰበው አንድ ነገር ነበር፦ እነዚህ ሽማግሌዎች ሲሞቱ ዘፈኑም ይሞታል፤ በአገሩስ ላይ አለ ወይ?

በሐምሌ 1995 ካሜራውን ይዞ ሄደ። ላሳ ሲገባ የጠበቀውን አላገኘም። በየመንገዱና በየመጠጥ ቤቱ የሚሰማው የቻይንኛ ዘመናዊ ዘፈን ነበር። በትምህርት ቤት የተማረው ንጹሕ አገር እንዲህ አልነበረም። ተስፋ ቆርጦ ግን አልተመለሰም፤ ወደ ገጠር ወጣ። እዚያ የሚፈልገውን አገኘ፤ ወተት ሲናጥ፣ ገብስ ሲወቃ፣ ጣሪያ ሲደለደል የሚዘፈነውን ቀረጸ። ከቀረጸውም የተወሰነውን ወደ ውጭ ላከ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሺጋጼ ላይ ተያዘ። ከአንድ ዓመት በላይ የት እንዳለ አልታወቀም። በታኅሣሥ 1996 በስለላ ወንጀል 18 ዓመት እንደተፈረደበት ተነገረ።

እናቱ ሶናም ዴክዪ ድሀ ስደተኛ ነች፤ ጤናዋም የተሟላ አልነበረም። ደልሂ ሄዳ ጃንታር ማንታር በሚባለው የሰልፈኞች አደባባይ የልጇን ፎቶግራፍ ይዛ ተቀመጠች። ላላፊ አግዳሚው ስለ ልጇ ትናገራለች፤ ደብዳቤ ታስጽፋለች። በቬርሞንት ያሉ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላት ጉዳዩን ያዙት። በነሐሴ 2000 የቻይና መንግሥት ልጇን እስር ቤት ሄዳ እንድታየው ፈቀደላት። ሕፃን ሆኖ ተሸክማው የወጣችውን ልጅ ለማየት ወደ ቻይና የገባችው በእስር ቤት በር ነው። በጥር 2002፣ ስድስት ዓመት ተኩል ያህል ከታሰረ በኋላ፣ በሕመም ምክንያት ተለቀቀ። በእስር ሳለም ከሌሎች እስረኞች ዘፈን መሰብሰቡን አልተወም ነበር። «ቲቤት ኢን ሶንግ» የተሰኘው ፊልሙ በ2009 በሰንዳንስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት አገኘ።

ገጣሚው ቴንዚን ጹንዱ ደግሞ ምንም ሰነድ ሳይዝ ነው የሄደው። ወላጆቹ በሂማላያ መንገድ ሥራ ላይ የነበሩ ናቸው፤ እሱም የተወለደው በመንገድ ሠራተኞች ድንኳን ውስጥ ነው። በ1997፣ ማድራስ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን እንደጨረሰ፣ ለብቻው በላዳክ በኩል በእግሩ ድንበር ተሻገረ። የድንበር ፖሊስ ያዘው። ሦስት ወር ታስሮ፣ ላሳንም ያያት እስረኛ ሆኖ፣ ወደ ሕንድ ተመልሶ ተባረረ። ሕንድ ውስጥ የውጭ ዜጋ መመዝገቢያ ወረቀት ይዞ የሚኖር ሰው ነው። በሕንድ ቲቤታዊ፣ በቲቤት ከሕንድ የመጣ ሕገ ወጥ። በኋላም ግንባሩ ላይ ቀይ መቀነት አስሮ ቲቤት ነፃ እስክትወጣ አልፈታውም ብሎ ይዞራል።

ከእነዚህ ስሞች ጀርባ ግን ስማቸው ያልተመዘገበ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ አሉ። ከ1980ዎቹ እስከ 2008 ድረስ በየዓመቱ ሁለት፣ ሦስት ሺህ ሰው ያህል ከቲቤት ወደ ኔፓል ይሻገር ነበር፤ ብዙዎቹ ልጆች። መንገዳቸው ከኤቨረስት በስተምዕራብ ያለው ናንግፓ ላ ነው፤ ከፍታው ከ5,700 ሜትር በላይ። የሚሄዱት በሌሊት ነው፤ ጣታቸው በውርጭ የተቆረጠባቸው ሕፃናት ካትማንዱ ይደርሳሉ። ወላጆቻቸው የላኳቸው ለዘላለም አልነበረም። ተምረህ ተመለስ ብለው ነው የላኳቸው። ብዙዎቹም ተመለሱ። በ1990ዎቹ በላሳ እንግሊዝኛ የሚናገሩት የቱሪስት አስጎብኚዎች አብዛኞቹ ከሕንድ የተመለሱ ነበሩ። ይህ ትውልድ ለቻይና መንግሥት ጥቅም ሊሆን ይችል ነበር፤ የተማረ፣ ቋንቋ የሚያውቅ፣ አገሬ ብሎ የመጣ። በ1994 ግን የመንግሥት ሠራተኞች ልጆቻቸውን ከሕንድ ትምህርት ቤቶች እንዲያስመልሱ ታዘዘ። በ2000ዎቹ መጀመሪያም ከሕንድ የተመለሱት አስጎብኚዎች ፈቃዳቸውን እያጡ፣ ምትካቸው ከቻይና መሐል አገር እየመጣ ሄደ። ለጎብኚው የሚነገረው ታሪክ ምን እንደሆነ ማን እንደሚወስን ክርክር ነበርና።

በመስከረም 2006 በናንግፓ ላ ላይ የድንበር ጠባቂዎች ሲሻገሩ በነበሩ ሰዎች ላይ ተኮሱ፤ ኬልሳንግ ናምጾ የተባለች የ17 ዓመት መነኩሲት ሞተች። ተራራ ሊወጡ የመጡ ፈረንጆች አይተው ቀርጸውት ዓለም አየ። ከ2008ቱ ሕዝባዊ ተቃውሞ በኋላ መንገዱ ጨርሶ ጠበበ። በ2010ዎቹ መጨረሻ በዓመት የሚሻገረው ሰው ከመቶ በታች ሆነ። መሄጃው ሲዘጋ መመለሻውም አብሮ ተዘጋ። በጥር 2012 በሕንድ ቦድ ጋያ ዳላይ ላማ የመሩት የካላቻክራ ጉባኤ ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች በሕጋዊ ፓስፖርት ከቲቤት መጥተው ነበር። ሲመለሱ በመቶዎች የሚቆጠሩት ለወራት በአስገዳጅ የፖለቲካ ትምህርት ተያዙ። ብዙዎቹ አሮጊትና ሽማግሌ ነበሩ። በዚያው ዓመት በላሳ አስተዳደር ሥር ያለው ሕዝብ ፓስፖርቱን እንዲያስረክብ ታዘዘ።

በቀጣዮቹ ዓመታት ወደ ቲቤት የሚሄዱት በአብዛኛው የአሜሪካ፣ የካናዳ፣ የስዊዘርላንድ ፓስፖርት ያላቸው ናቸው። በ1990 አሜሪካ ለ1,000 ቲቤታውያን የመኖሪያ ፈቃድ ከሰጠች ወዲህ የስደቱ ፊት ወደ ምዕራብ ዞሯል፤ ኒው ዮርክና ቶሮንቶ ውስጥ ሰፋፊ የቲቤታውያን ሰፈሮች አሉ። ፓስፖርቱ ግን ሁሉን በር አይከፍትም። የቻይና ቆንስላ ስሙን አይቶ ይለየዋል። ወላጆችህ የት ተወለዱ፣ መቼ ወጡ፣ ቲቤት ውስጥ ማን አለህ ተብሎ ይጠየቃል፤ ከጎኑ የተሰለፈው ሌላው አሜሪካዊ ይህን አይጠየቅም። የአሜሪካ ምክር ቤት ቲቤትን ለመጎብኘት እኩል ዕድል እንዲኖር የሚጠይቀውን ሕግ ያወጣው በታኅሣሥ 2018 ነው፤ በየዓመቱ የሚወጣው ሪፖርትም ይህንኑ አድልዎ ይመዘግባል።

የደረሰለትስ ምን ይገጥመዋል? ከመጀመሪያው «ታሺ ዴሌክ» ሰላምታ በኋላ ምላስ ይያያዛል። የስደቱ ቲቤትኛ ሂንዲና እንግሊዝኛ ገብቶበታል፤ የላሳው ቲቤትኛ ደግሞ ቻይንኛ ገብቶበታል። ላሳ ውስጥ ቴሌቪዥን «ዲየንሺ» ነው። ተመላሹ በትምህርት ቤት የተማረውን ጥንቃቄ የተሞላበት ቋንቋ ሲናገር ሱቅ ጠባቂው ፈገግ ይላል፤ ያው ከሕንድ መጥቷል ይባላል። እዚያ የቀረው ሕዝብ ረኃቡን፣ የባህል አብዮቱን፣ ግምገማውን አልፏል፤ በባቡር ሐዲድም ከቻይና ጋር ተያይዟል፤ ከሺኒንግ ላሳ 1,956 ኪሎ ሜትር፣ በሐምሌ 2006 የተከፈተ። ያንን ሕይወት ስደተኛው አልኖረም። ዳራምሳላ ውስጥም ነገሩ ተገልብጦ ይታያል፤ አዲስ ከቲቤት የሚመጣው «ሳንጆርፓ» ይባላል፣ አዲስ ደራሽ እንደማለት ነው፤ አነጋገሩና አለባበሱ ቻይናዊ ይመስላል ተብሎ ጎሪጥ ይታያል። አንዱ ሕዝብ ሁለት ቦታ ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ አደገ። ይህን ለማስታረቅ የሚያስፈልገው መተያየት ነው፤ መንገዱ መከፈት ያለበትም በዋናነት ለዚህ ነው እላለሁ።

ስደተኛው በሕንድ ያለው ኑሮ ራሱ ይህን ጥያቄ አልፈታም። የደልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2010 በሰጠው ውሳኔ ከጥር 26 ቀን 1950 እስከ ሐምሌ 1 ቀን 1987 መካከል በሕንድ የተወለደ ቲቤታዊ በትውልድ ሕንዳዊ ነው። ብዙዎቹ ግን ዜግነቱን አልወሰዱትም። ወረቀቱን ብወስድ አገሬን ተስፋ ቆረጥኩባት ማለት ነው ይላሉ። በየጊዜው የሚታደስ የስደተኛ ደብተር ይዞ መኖር ለእነሱ ታማኝነት ነው። በ2009 የስደት አስተዳደሩ ባደረገው ቆጠራ ከቲቤት ውጭ 127,935 ሰው ተመዝግቧል፤ 94,203ቱ በሕንድ። ከዚያ ወዲህ የሕንዱ ቁጥር እየቀነሰ፣ የአንዳንድ ሰፈር ትምህርት ቤት በተማሪ እጦት እየተዘጋ ነው።

በሩ ለምን ተዘጋ? ተራራውም በረዶውም በ1980 የነበረው ነው። ቻይና ከዚያን ጊዜ ይልቅ ዛሬ እጅግ ባለጠጋና ኃያል ናት፤ ጥቂት ሺህ ተመላሽ ምን ያደርጋታል? እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፤ ተመላሹ የሚያስፈራው ምስክር ስለሆነ ነው። ሎብሳንግ ሳምተን የፈረሰውን ገዳም አዩ። ጀትሱን ፔማ ትምህርት ቤቱን አዩ። ንጋዋንግ ዘፈኑን ሰማ። ካድሬው እንዳሰበው ድንጋይ ቢወረወርባቸው ኖሮ በሩ እስከ ዛሬ ክፍት በሆነ ነበር። የተዘጋው ሕዝቡ በማልቀሱ ነው።

ዛሬ ደግሞ በቲቤት ውስጥ ያሉ ልጆች ከወላጆቻቸው እየተለዩ ነው። በየካቲት 2023 የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ባለሙያዎች አንድ ሚሊዮን የሚደርሱ የቲቤት ልጆች በመንግሥት አዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ በዋናነት በቻይንኛ እንደሚማሩ አስታውቀው ሥጋታቸውን ገለጹ። ቤጂንግ ይህን ታስተባብላለች፤ ልጆቹ በፈቃዳቸው ነው ትላለች። ከቋንቋው ርቆ ለማደግ እንግዲህ ድንበር መሻገር አያስፈልግም ማለት ነው። ዳራምሳላ ያደገው ልጅ የማያውቃትን አገር ቋንቋ ያውቃል፤ አገሩ ላይ ያደገው ልጅ ደግሞ ቋንቋው እየተወሰደበት ነው።

ቴንዚን ሪግዶል በካትማንዱ ተወልዶ ኒው ዮርክ የሚኖር ሠዓሊ ነው። አባቱ ከመሞታቸው በፊት አገራቸውን እንደገና ማየት ፈለጉ፤ አልሆነም። ልጁ ሰው ወደ አገሩ ካልገባ አገሩ ወደ ሰው ይምጣ ብሎ ተነሣ። ከሺጋጼ አካባቢ 20,000 ኪሎ ግራም አፈር በኔፓል አሻግሮ፣ ሁለት ድንበርና ስፍር ቁጥር የሌለው ኬላ አሳልፎ ዳራምሳላ አደረሰ። በጥቅምት 26 ቀን 2011 በሕፃናቱ መንደር ሜዳ ላይ በእንጨት መድረክ ላይ ተነጠፈ። ለዳላይ ላማም ከአፈሩ ቀርቦላቸው በጣታቸው «ቦድ» ብለው ጻፉበት፤ ቲቤታውያን አገራቸውን የሚጠሩበት ስም ነው። ሽማግሌዎች ተንበርክከው ነኩት፣ ቀመሱት። ቲቤትን ረግጠው የማያውቁ ተማሪዎች ጫማቸውን አውልቀው ቆሙበት። ከሦስት ቀን በኋላ ሕዝቡ አፈሩን ተካፍሎ ወደየቤቱ ወሰደው።